ከጥዱ ሥር ማን ቆመ

ባለፈው ሰሞን ወልድያ፣ ከገበያው ጀርባ ካለው አናጢ ቤት የዕቃ መደርደሪያ ላዝ ገብቼ ስከራከር፣ ልጁ ሳንቃውን መላግ ሲጀምር የተነሣው የጥድ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ቢመታኝ እግሬ ከዳኝና ከፍቅፋቂው ክምር ላይ ዘጭ አልኩ። አናጢው ደንግጦ "እማማ፣ ግፊት አለብዎት እንዴ?" እያለ ውሃ ሊያመጣ ሲሮጥ፣ ግፊትስ የለብኝም፣ ያለብኝ ሌላ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ ምኑን ከምኑ አድርጌ አስረዳዋለሁ? እንጨቱ ከላስታ የመጣ ነው አለኝ። ወንድሜ ካሳው ደግሞ የሰፈራችን የሚካኤል ቅጽር አሮጌው ጥድ ተቆርጦ ተሸጠ ብሎ በስልክ ከነገረኝ ገና ዓመት አልሞላውም። ያ ሳንቃ የኛ ጥድ ይሁን አይሁን እንግዲህ አላውቅም። ስለዚያ ሰፈር እርግጠኛ ሆኜ የማውቀው አንድም ነገር ስለሌለ፣ ይኸም ከነዚያ ጋር ቢደመር አይገርመኝም።

ሰፈራችን ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ገብስና ባቄላ የምታበቅል፣ ክረምት ሲሆን ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ ሳያንኳኳ በየቤቱ የሚገባባት መንደር ናት። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። ለኛ ለልጆች ሊቀ መንበር ማለት እሱ ብቻ ስለነበር፣ አዲስ አበባም ሌላ ሊቀ መንበር አለ ሲባል ትምህርት ቤት ገብቼ ብሰማ፣ የአባቴን ሹመት የሰረቀ ሰው መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ከንፈሬን ጥዬ ዋልኩ። ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ከድምፁ የባሰ ሰው ነበር። የማኅበሩን ማኅተም በመሐረብ ቋጥሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ከስብሰባ ሲመለስ ይፈታትና እፍ ብሎባት እጄ ጀርባ ላይ ጥፍ ያደርግና "በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባል ነሽ" ይለኛል። ያ ሐምራዊ ክብ እንዳይለቅብኝ እጄን አልታጠብም እያልኩ ከእናቴ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ።

ጎረቤታችን አያ ሙላት ደግሞ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ነገር የሚውጥ ሰው ነው። ከአባቴ ጋር አብረው አድገዋል። አባቴ ያወራል፣ አያ ሙላት ይሰማል፤ አባቴ በበቅሎ ይሄዳል፣ አያ ሙላት በእግሩ ይከተላል። "ኧረ አንተ ሰው፣ ጥቂት ውጣባት" ሲለው "ለእኔ ምድር ይሻለኛል" ብሎ በረባሶውን እየጎተተ ከኋላ ይቀራል። የዚያ በረባሶ ነገር፣ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የተሠራ ተራ ጫማ፣ አገር ያምሳል ብሎ ማን ያስባል?

ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ሁለቱ ለስብሰባ ኩልመስክ ሄዱ። ከቀትር በኋላ ጉሙ ወረደ። ፀሐይ ልትገባ ስትል በቅሎይቱ ኮርቻዋ ወደ ጎን ዞሮ ብቻዋን መጥታ ደጃችን ቆመች። እናቴ ወጥታ አየቻት። ቀስ ብላ ቀረበችና ኮርቻውን አቃናችላት፤ ከዚያም እጇን ከበቅሎይቱ አንገት ላይ ሳታነሣ መንገዱን እያየች ቆመች። ጥቂት ቆይቶ አያ ሙላት አባቴን በጀርባው አዝሎ ከጉሙ ውስጥ ወጣ። አንድ እግሩ ባዶ ነበር። አባቴን አጎዛው ላይ አስተኝቶ ያላት ቃል፣ ለካድሬውም፣ ለሽማግሌውም፣ ለእግዜርም ሳትጨመር ሳትቀነስ ዕድሜውን ሁሉ የደገማት ይህች ናት። "በረባሶዬ ተበጠሰ። ላስር ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጉሙ ውጦታል። ተኩስ ሰማሁ።"

ታዲያ ማን ገደለው? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የመጣው ካድሬ ወንበዴዎች ናቸው፣ አብዮቱን ሊቀጩ ነው ብሎ መቃብሩ ላይ እጁን እያወዛወዘ ተናገረ። ካድሬው በሄደ ማግሥት ደግሞ ሰዉ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሌላ ነገር አወጣ፤ ሊቀ መንበሩ ለሰፈራ የሚሄዱ አባወራዎችን ምረጥ ቢባል የለኝም፣ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች አምጣ ቢባል ታመዋል እያለ አስቸግሮ ስለነበር ያስገደሉት የራሱ አለቆች ናቸው ተባለ። ሴቶቹ ከምንጭ ሲመለሱ መሬቱ የተሸነሸነበት የድሮው ባላባት ልጅ ነው ይላሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታነሣው የሴት ወሬም ነበረ፣ እኔን ስታይ ግን ወደ ቡቃያው ወሬ ታዞረዋለች። ደብተራው ደግሞ ማንም አልገደለው፣ በሚካኤል ዕለት ሰው ለስብሰባ የሚጠራ ሹም መልአኩ ራሱ ይበቃዋል ባይ ነበር፤ መልአክ ጥይት ይተኩሳል ወይ ያለው ሰው ግን አልነበረም። በጉሙ ምክንያት ሌላ ሰው መስሎት የሳተም አለ ተባለ። እኔ ምስኪኗ ሁሉንም አመንኩ። ጠዋት በሰማሁት እውላለሁ፣ ማታ በሰማሁት አድራለሁ። ከዓመታት በኋላ ካድሬው ወንበዴ የሚላቸው ጫካዎቹ ራሳቸው ወደ ሰፈራችን ሲገቡ "እኛ አይደለንም፤ እኛ ስንገድል እንናገራለን" ሲሉ፣ ገሚሱ ሰው አመናቸው፣ ገሚሱ እንዲህ ማለታቸው ራሱ ያስጠረጥራል አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚባልበት አገር ማን ምኑን ያምናል?

ሽማግሎቹ ግን በወሬ የሚተዉት ነገር አልነበረም። የሟች ደም ባለቤት ካልተገኘለት ሌላ ደም ይጠራል። ወንድሜ ካሳው ያን ጊዜ ከኔ ጥቂት ከፍ ያለ ልጅ ነው፤ ለልቅሶ የመጣ ወንድ ሁሉ ራሱን እየዳበሰ "አይዞህ፣ ታድጋለህ" ይለዋል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ታጠብቃለች። እኔ ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። ታድግና ትገድላለህ እያሉት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስለዚህ አውጫጭኝ ተጠራ። ካድሬው ቢጠይቅ ስብሰባ ነው ተባለ፤ ስብሰባ ሲሉት ደስ ይለዋል። አውጫጭኝ ማለት የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተከቶ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የማይመለስበት የቆየ ወግ ነው። ሰው በፊት ለፊት ስም አይጠራም፤ በተራ እየተነሣ ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሯቸው ይናገራል፣ እነሱም "ወፍ እንዲህ አለች" ብለው ያወጡታል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። እኛ ልጆች ከላይ ካለው እርከን ላይ ተደርድረን እናያለን። የዚያን ቀን ወፏ ምላሷ ረዘመ። ባላባቱን አለች፣ ጫካዎቹን አለች፣ ካድሬውን ልትልም ዳድቷት ነበር፣ በመጨረሻም አያ ሙላትን አለች። አያ ሙላት ተነሥቶ ያችኑ አራት ቃሉን ደገመ። ያኔ የተበጠሰችው በረባሶ መጣች። ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ እየዞረች ማሰሪያዋ በጣት ተዳበሰ፣ ወደ ፀሐይ ተያዘ፣ ተሸተተ። አንዱ ካራ የቆረጠው ነው፣ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ሊቀር ነው አለ፤ አንዱ አርጅቶ የተበጠሰ ነው አለ፤ አንዱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጎማ እንኳን ካራ በቅሎም ረግጣ አትቆርጠው ብሎ ሁለቱንም ግራ አጋባ። ሲመሽ ሰዉ በረሃብ ተንጫጭቶ ተበተነ። ለመበተን ግን ሰበብ ያስፈልጋልና ከሽማግሎቹ አንዱ "ግድ የለም፣ እሑድ ራሱ ይለየዋል" ብሎ ተነሣ።

እሑድ እንዴት ይለየዋል? በኛ አገር ሰው የገደለ ሰው ንስሐውን ሳይፈጽም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አያልፍም፤ በቅጽሩ ጥድ ሥር ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ያ ማለት ግን ጥዱ ሥር የቆመ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው ማለት አይደለም። ከሚስቱ ጋር ያደረ እዚያ ይቆማል፣ ቁስሉ የሚደማ እዚያ ይቆማል፣ እህል የቀመሰ እዚያ ይቆማል። እንዲያውም በደኅናው ጊዜ የመንደሩ ወንድ እኩሌታው የጥዱ ምእመን ነበር፤ እዚያው ሆኖ በሬ ይዋዋላል፣ ልጅ ያጫጫል፣ የቅዳሴው ዜማ ሲደርሰው ያማትባል።

የዚያን እሑድ ታዲያ ነፍስ ያለው ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። ወይ ጉድ! ውጭ የቆመ ገዳይ ሊባል ነዋ። ከእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ የማየው መዓት ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ውስጥ ያላየኋቸው ሰዎች እየተገፋፉ፣ ሚስቶቻቸው በአፍረት መሬት መሬት እያዩ፣ አውራ ጣቱ በማረሻ የተቆረጠ ሰው እጁን በብብቱ ሸሽጎ። የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ ቀና ብለው ምእመኑን ሲያዩ መስቀላቸውን ወደ ላይ አነሡ። "ለሰው ዓይን ፈርታችሁ የእግዚአብሔርን ዓይን ረሳችሁት! ይኸው ሙሽራው እንኳ ከጫጉላው ተነሥቶ ውስጥ ገብቶ ቆሟል!" ብለው ሲጮሁ ሙሽራው ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ተሸሸገ። የወጣ ግን የለም። ያን ጊዜ ነው አንዱ በበሩ በኩል ወደ ውጭ ያየው፤ ከዚያ ሁላችንም አየን። ጥዱ ሥር አንድ ሰው ብቻ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ አንድ እግሩ በአሮጌ በረባሶ ሌላው በባዶ፣ አያ ሙላት ቆሟል።

በቃ፤ መንደሩ ፍርዱን ሰጠ። አያ ሙላት ከዚያ ቀን ጀምሮ ክረምት ከበጋ ከጥዱ ሥር አልተነቃነቀም። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ መልሱን አልሰማሁም። አባ ተክሌ ያውቃሉ ተባለ፤ ኑዛዜ የሚቀበሉት እሳቸው አይደሉም? ሰዉ የእሳቸውን እግር መቁጠር ጀመረ። ወደ አያ ሙላት ቤት ጠበል ሊረጩ ከገቡ ንስሐ እየሰጡት ነው፣ ካልገቡ አውግዘውታል ይባላል። ምስኪኑ ቄስ ግራ ቢገባቸው የመንደሩን ቤት ሁሉ በእኩል መጎብኘት ጀመሩ፤ በዚያ ሰሞን የኛ ሰፈር ያልተረጨ ዶሮ እንኳ አልነበረውም። አንድ ቀን ደፍሮ የጠየቃቸውን ሰው "የነፍስ አባት ሆዱ ጉድጓድ ነው፣ የገባ አይወጣም" ብለው አሳፍረው ሰደዱት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያደናግረውን ልንገራችሁ። ያ ሁሉ ሰው ጀርባውን የሰጠው አያ ሙላት፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ በማለዳ ሁለቱን በሬዎቹን ነድቶ መጥቶ የራሱን ማሳ ትቶ የኛን ማረስ ጀመረ። እናቴ አልጠራችውም፤ አልከለከለችውም። ምሳውን ትልክለታለች፣ እኔ አደርሳለሁ። "ተባረኪ" ይለኛል፤ ሌላ ቃል የለም። በየዓመቱ እንዲያ ሆነ፤ አረሰልን፣ አጨደልን፣ ወቃልን። አባቴን የገደለው ሰው እንጀራ እያበላን ነው ወይስ አባቴን የሚወደው ሰው? ስበላ ይህን አስባለሁ፤ ደግሞ ይርበኛልና እበላለሁ። እግዜር ይይልኝ፣ እወደው ነበር። የአባቴ ሳቅ ድምፅ ከጆሮዬ ሲጠፋ የአያ ሙላት "ሃ፣ በሬው!" ቦታውን ያዘው። ስለወደድኩት አባቴን አፈርኩት፤ ስጠረጥረው በራሴ አፈርኩ።

ካሳው ግን እያደገ ነበር። ያ "ታድጋለህ" ሥር ሰድዶበት፣ ጢሙ ሲያቆጠቁጥ በአያ ሙላት ማሳ በኩል ማለፍ ትቶ ዞሮ መሄድ ጀመረ፤ የአባቴን አሮጌ ጠመንጃ ዘይት ሲቀባ አየሁት። እናቴም አይታለች። ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሱ ታጎርስና "ብላ፣ የአያ ሙላት ገብስ ነው" ትለዋለች። በየማዕዱ! ያኔ ዝም ብላ የምታመሰግን መስሎኝ ነበር። እህሉን የበሉትን ሰው ደሙን ማፍሰስ በኛ ዘንድ ከነውርም ነውር ነው፤ ያቺ ሴትዮ ልጇን በጉርሻ እያሰረችው ኖሯል። ወይ እናቴ!

አያ ሙላት የሞተው በሳል ነው፤ የማንም ጥይት አልነካውም። ካሳው ጎረምሳ፣ እኔ የደረስኩ ልጃገረድ ሆነን ነበር። አስከሬኑ በቃሬዛ ቅጽሩ ደርሶ ጥዱ ሥር ሲያርፍ፣ ያ ለዓመታት የሸሸው ሰው ሁሉ ሊያይ መጥቶ ግጥም ብሎ ነበር። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል አባ ተክሌ መጽሐፉን አጥፈው ወደ እናቴ ዞሩ። "እመት፣ በዚህ ሰው ላይ ያለሽ ነገር ካለ ይቅር በይው፤ ነፍሱ ትረፍ" አሏት። አባ ይህን ያሉት ከኑዛዜው የሚያውቁት ኖሮ ነው ወይስ ሐሜቱን እዚያው አብረው ሊቀብሩት? እስከ ዛሬ ሁለቱንም የሚምልልኝ ሰው አላጣም። ለእናቴ ግን ወጥመድ ነበር። ይቅር ብየዋለሁ ካለች ገዳይ ነው ማለቷ ነው፤ የአያ ሙላት ልጆች እስከ ልጅ ልጃቸው የገዳይ ዘር ሆነው ሊቀሩ ነው። አልልም ካለችም ያው ነው፣ ያውም ካሳው ከጎኗ ቆሞ።

እናቴ ወደ ቃሬዛው ጠጋ አለች። ከመገነዣው የወጣውን ያን የተሰነጣጠቀ እግሩን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። "ምን በድሎኝ ነው ይቅር የምለው፣ አባ?" አለች። "አርሶ አበላኝ እንጂ።"

ቃሬዛው ወደ ጉድጓዱ ሲነሣ የፊቱን እንጨት ትከሻው ላይ ያደረገው ካሳው ነበር። አያ ሙላት እዚያው፣ ከጥዱ ሥር ተቀበረ። ጠመንጃው ከዚያ በኋላ ዘይት አልተቀባም።

እኔ አርጅቼ ደግሞ አንድ የራሴ መላ ምት አወጣሁ። ምናልባት የዚያን እሑድ አያ ሙላት ከሚስቱ ጋር ያደረ፣ እንደ ወጉ ከውጭ የቆመ ተራ ሰው ነበር፤ ከመንደሩ ሁሉ አንድ ያልዋሸ እሱ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ እገባለሁ ቢልስ? ንስሐውን ጨረሰ ሊባል! ስለዚህ እውነቱ እዚያ ጥድ ላይ አሰረው፣ ሊፈታም አልቻለም። ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ደስ ብሎኝ እፎይ እላለሁ። ግን ደግሞ ያ ሁሉ እርሻ፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያች በረባሶ ትመጣብኛለች። እንዲያው ብቻ ተደናግሬ እቀራለሁ።

አሁን ማን አለ? አባ ተክሌ ጉድጓዳቸውን ይዘው ሄደዋል። ሽማግሎቹ የሉም፣ ወፏም ዝም ብላለች። ጥዱ ተቆርጧል። የአባቴን ፊት ሳስብ የሚመጣልኝ የማኅተሙ ክብ ብቻ ነው። መደርደሪያው ተሠርቶ ቤቴ ገብቷል፤ ዕቃ ልደረድርበት እጠጋና ሽታው ሲያገኘኝ እተወዋለሁ።

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። አያ ሙላት በተቀበረ በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ከእኔ ጋር ቅጽሩ ድረስ መጥታ፣ ደጁን ተሳልማ፣ ወደ ውስጥ አልገባችም። ጥዱ ሥር ሄዳ ቆመች። የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ውስጥ ገብታ አላስቀደሰችም። ሰዉ ስለ እሷም ማውራት ጀመረ፤ ስንት ነገር እንደተባለ አልደግመውም። አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሬ "እማ፣ ለምን አትገቢም?" አልኳት። ያን ጊዜ ገና ጠንካራ ናት፤ ከወንዝ ውሃ አዝላ ያን ዳገት ትወጣ ነበር። "ጉልበቴ ነው ልጄ፤ ደረጃው አልወጣ አለኝ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከጥዱ ግንድ ሳታነሣ።

የኛ ሚካኤል ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው፤ ደጁ ከመሬቱ እኩል ነው። ደረጃ ኖሮት አያውቅም።